አምስት ጉንጭ

የታሰርኩት በቀልድ ነው። ሌላው ሰው ጠመንጃ ደብቆ፣ ለአርበኛ ስንቅ አቀብሎ ይታሰር ነበር፤ እኔ ግን ምላሴን መደበቅ አቅቶኝ ገባሁ።

ሸዋ ሮቢት ገበያ ዳር ቆመን ጣሊያኖች መንገዱን ሲያስደለድሉ እናያለን። አንድ ማሽላ ሻጭ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ምን ሊያደርጉት ነው ብሎ ጠየቀ። ሲመጡ ቀስ ብለው ነው የመጡት፣ ሲሄዱ ግን ይቸኩላሉ አልኩት። ገበያው በሳቅ ወደቀ። ከሳቁት አንዱ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ነበር። ስቆ ሲያበቃ ዓይኑን ጠራረገና ሄዶ ለሹሙ ተረጎመለት። በጣሊያንኛ ብዙም አያስቅም መሰለኝ፤ የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ሳይደርስ እጄ ታስሮ ነበር።

ወሩ ግንቦት ነው። የኛን ቆላ፣ የቀወትን ግንቦት የማያውቅ ካለ ልንገረው። በግንቦት ዝንብ መብረር ትታ በእግሯ ትሄዳለች። አህያ የራሷ ጥላ ውስጥ ልግባ ብላ ስትዞር ትውላለች። ሰይጣን ራሱ በግንቦት ከኛ አገር ወደ ጀሀነም ወርዶ ነፋስ ይቀበላል እያልኩ ሰው አስቅ ነበር። የማጋንን ይመስለኝ ነበር፤ ያ ቆርቆሮ ቤት እስኪያስገቡኝ ድረስ።

ቤቱ የሲሚንቶ መጋዘን የነበረ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ቆርቆሮ፣ በሩም ቆርቆሮ። መስኮት የለውም። ከበሩ ትይዩ አንድ ክንድ የምታህል ቅዳጅ አለች፤ እሷም ላይ አሮጌ ጆንያ ተሰቅሏል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የሰው ላብ፣ የሲሚንቶ ብናኝ፣ የጋለ ብረት። ቀጥሎ ሰዎቹን አየሁ። ዘጠኝ ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው በቁመታቸው ልክ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ በጀርባቸው ተኝተዋል። አንዳቸውም ቀና አላሉም።

"ጣሊያን እንዳይደክም መቃብራችሁን ራሳችሁ ቆፈራችሁለት?" አልኩ። ስፈራ እቀልዳለሁ፤ ልማዴ ነው።

"አፍህን ዝጋ፣ ልጄ" አለኝ ከጥግ አንድ ድምፅ። "በአፍህ የሚወጣው ውሃህ ነው።"

እኒያ ናቸው ሁሉም ሼሁ የሚሏቸው። የአልዩ አምባ ነጋዴ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በግመል እየወረዱ ከአፋር በረሃ ጨው ያመጡ ሰው። የታሰሩትም ጨው ጭነታቸው ውስጥ ለአርበኞች የተጻፈ ደብዳቤ ተገኝቶ ነው። ደብዳቤው ለማን እንደሆነ ሲጠይቋቸው "አልነግራችሁም" ብለው ተገርፈዋል። አላውቅም ቢሉ ኖሮ ምናልባት ይለቋቸው ነበር፤ ግን ያውቁ ነበርና አላውቅም ማለት ውሸት ሆነባቸው። ይህን ስሰማ በልቤ ሳቅኩባቸው። እኔ ጣሊያን ቢጠይቀኝ የራሴን ስም እንኳ እውነቱን አልነግረውም ነበር።

የዚያን ቤት ኑሮ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ላይኛው አፈር ይፋጃል፤ እስከ ክርን ከተቆፈረ ግን ከሥሩ ቀዝቃዛው ይገኛል፣ እሱ ላይ ነው የሚተኛው። ከረፋድ እስከ አስር ሰዓት መናገርም መንቀሳቀስም የለም። ብረቱን የነካ ቆዳውን እዚያው ትቶ ይነሳል። ልብስ የሚያወልቅ ሰው የቀለለው ይመስለዋል እንጂ ሙቀቱ እየጠጣው ነው። ውሃ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰው አንድ ጣሳ ይሰጣል። ጣሳውን በአንድ ትንፋሽ የሚገለብጥ ከሰዓት በኋላ ያለቅሳል፤ የሚያለቅስበት እንባ ካገኘ ማለቴ ነው።

ከሁላችን ያሳሰባቸው ግን አንድ ደገኛ ነበር። ከመንዝ ያወረዱት፣ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ወንድሙ ጫካ ገብቶ ሲያጡት እሱን በምትኩ ይዘውት መጡ። ወንድምህ የት ነው ሲሉት እንደ ሼሁ አልናገርም ይላል። ዱላውን ይችለዋል፤ ቆላውን ግን አልቻለውም። ከአገሩ ለብሶት የመጣውን ባና፣ ያን ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ በመጀመሪያው ቀን ሊጥለው ሲል ሼሁ ተቀብለው ከራስጌው ግድግዳውን ጋረዱለት። ከብረቱ የሚመጣውን ትኩሳት እንዲይዝለት ነው። በየማለዳው ግንባሩን በመዳፋቸው ይነኩና ለኛ እንዲህ ይሉናል፦

"ይህን ሰው ለሐምሌ እናድርሰው። ዝናብ ከጣለ ይተርፋል።"

ደገኛው በቀልዴ ይስቅ ነበር። ማለዳ፣ ቆርቆሮው ገና ሳይግል፣ "አንተ ቀልደኛ፣ እስቲ የዛሬውን አምጣ" ይለኛል። ዝንቧን ነገርኩት፤ አህያዋን ነገርኩት። ስለ ሰይጣኑ ስነግረው የደረቀ ከንፈሩ እስኪተረተር ሳቀ፤ ደሙን በእጁ ጀርባ ጠርጎ ድገመው አለኝ።

ሼሁ አንዲት ቅል ነበረቻቸው። ጥጋቸው ላይ እስከ አንገቷ አፈር ውስጥ ቀብረዋታል። ጣሳቸውን ሲቀበሉ በቀን አንድ ጉንጭ ሳይጠጡ እሷ ውስጥ ያንቆረቁራሉ። ለሶላት ውሃ አይነኩም። መዳፋቸውን አፈር ላይ መታ አድርገው ፊታቸውንና እጃቸውን ያብሳሉ፤ ውሃ ላጣ ሰው የተፈቀደ ነው። እኔም እስላም ነኝና አውቀዋለሁ፤ ስግደቱ ላይ ብሰንፍም የተፈቀደውን አንድም አልረሳም። እና ውሃው ለውዱእ፣ ለሶላት ትጥበት፣ ካልሆነ ለምንድን ነው? አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

"ለክፉ ቀን" አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

እኔ ጨመርኩላቸው። አስቤ አስቤ፣ ሰውየው አርጅተዋል፣ እዚህ ቢሞቱ ሳይታጠቡ እንዳይቀበሩ ፈርተዋል፣ የሚያጠራቅሙት የገዛ ጀናዛቸውን ማጠቢያ ነው አልኩ። ማንም አልነገረኝም። ራሴ ፈጠርኩት፣ ራሴው አመንኩት። ለሬሳም ቢሆን ውሃ ከጠፋ አፈር ይበቃል፤ ያም ተፈቅዷል። ታዲያ ሕያው እየተጠማ ሬሳ ምን ያደርግበታል?

በአንዱ ቀትር ሁሉም ፊቱን ሸፍኖ ሲተኛ በደረቴ ተሳብኩ። ሁለት ጉንጭ ጠጣሁ። በማግስቱ ሦስት። የመጨረሻውን ቶሎ አልዋጥኩትም፤ ምላሴ ሥር አቆየሁት። አፈር አፈር ይላል፣ ቀዝቃዛ ነው። እስከዛሬ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር አፌ አልገባም። ቅሉ ሲነቃነቅ ድምፅ እንዲሰጥ ከሥሩ ትንሽ ተውኩ። ብልሃቴ ነው።

ክፉው ቀን የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው።

ጠዋት ውሃ አልመጣም። ረፋድ ላይ ባንዳው ዘበኛ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ "ውሃ የሚያመጣው ካሚዮን ተበላሽቷል። ነገ ነው" አለ። ሼሁ ተነስተው ከራሳችሁ ቢሆን አንዲት ጣሳ፣ ለዚህ ለታመመ ሰው ብለው ለመኑት። "እኛስ ምን የምንጠጣ መሰለህ?" አላቸው፣ እሳቸውን አንተ ብሎ፣ በሩንም ዘጋ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ደገኛው ላቡ ቆመ። ቆዳው ደርቆ እንደ ምጣድ ይፋጅ ነበር። ሸሚዙን መጎተት ጀመረ። ገብሱን ውርጭ ሳይመታው እንሰብስበው ይላል፤ ወንድሙን በስሙ እየጠራ ማጭድ አምጣ ይለዋል። ከዚያ ወደኔ ዞረና፣ "በሩን ዝጋው፣ ይበርደኛል" አለኝ። ቀልድ መሰለኝና ልስቅ አልኩ። ዓይኑን ሳየው ቀልድ አልነበረም።

ያን ጊዜ ሼሁ የዝምታውን ሰዓት ራሳቸው ጥሰው ተናገሩ። እንዲህ ያለ ሰው በረሃ ላይ አይተዋል። አሁን መጠጣት አይችልም፤ የሚያድነው ካለ አንገቱን፣ ብብቱን፣ የጭኑን ሥር ማርጠብና ማራገብ ነው። ጆንያውንም አርጥበን ቅዳጇ ላይ ብንመልሰው የሚገባው ነፋስ ይበርድለታል። ውሃው አለ፤ ለዚህ ለት ብዬ ነው ያቆየሁት አሉ። ይህን ብለው ወደ ጥጋቸው ተንበርክከው ሄዱ።

አንድ ነገር ልናገር። ከባድ ነገር ሊያነሳ የተዘጋጀ ክንድ ነገሩ ቀሎ ሲያገኘው ሳያስበው ወደ ላይ ይዘላል። የሼሁ ክንድ እንደዚያ ዘለለ። ቅሉን ጆሯቸው ላይ አድርገው ነቀነቁት። ከዚያ ዞረው አዩን፤ አንድ በአንድ። እኔ ጋ ሲደርሱ አልቆሙም። አለፉኝ። ያን ጊዜ ነው ማወቃቸውን ያወቅኩት።

ከመካከላችን አንዱ፣ እጁ ሰፊ አንጥረኛ፣ ከጉድጓዱ ተነስቶ ቁጭ አለ። "ማን ነው የጠጣው?" አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ሌሎቹም ቁጭ አሉ።

ሼሁ ቅሉን ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

"ማንም አይደለም" አሉ። "ቅሉ ተሰንጥቋል። መሬቱ ጠጥቶታል።"

ሰዎቹ አመኑ። የሳቸውን ቃል ማን ይጠረጥራል? አንዲት አላውቅም ላለማለት ጀርባቸውን ለጅራፍ የሰጡ ሰው ናቸው። ያችን ያላወጧትን ውሸት ለኔ አወጧት።

ከሥሩ የቀረችው የነጠላ ጫፍ አራሰች፣ ሌላ ምንም። የደገኛው አንገት ላይ አደረጓት፤ ወዲያው ደረቀች። ባናውን ከግድግዳው አውርደን በየተራ አራገብንለት። ተራዬ ሳይሆን ሁሉ አራገብኩ፤ አንጥረኛው እጄን ይዞ እስኪያስቀምጠኝ ድረስ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ቆርቆሮው መብረድ ይጀምራል፤ ሲበርድ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ሁልጊዜ ያን ድምፅ ስንሰማ ዛሬንም አለፍን እንል ነበር። የዚያን ለት ቆርቆሮው ጠቅ ማለት ሲጀምር ደገኛው መተንፈስ አቆመ። ሼሁ ዓይኑን ከደኑለት፣ ባናውን አለበሱት። ክርስቲያኖቹ ጸለዩለት። እሳቸው አቀርቅረው ከአጠገቡ አልተነሱም።

በማግስቱ ጠዋት ውሃው መጣ። ሬሳውንም በዚያው ካሚዮን ጫኑት። ሼሁ ወደ ጥጋቸው ጠሩኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"ስንት ጉንጭ ነበር?"

"ትንሽ ነው፣ አባባ። አንድ ሁለት..."

በጣታቸው አፈሩ ላይ ሁለት ጭረት ጫሩና ጣታቸውን ሳያነሱ አዩኝ።

"አምስት" አልኩ።

"አምስት ከሆነ አምስት በል። አታሳንሳት፤ እንደ ልማድህም አታጋንናት።" ቀጥለውም፦ "ያድነው ነበር ወይ ብለህ ደግሞ አትጠይቀኝ። እሱን አላህ ነው የሚያውቀው።"

ከዚያ ቅሉን አነሱና እጄ ላይ አስቀመጡት። "ከዛሬ ወዲያ ጠባቂው አንተ ነህ" አሉኝ።

ሌባን ጠባቂ ያደረገ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከጣሳዬ በቀን አንድ ጉንጭ ቅሉ ውስጥ አንቆረቁር ነበር። ከሳምንት በኋላ አንድ የካራቆሬ ሰው ራሱን ሲስት በሱ አራስነው፤ ተረፈ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሼሁን ወዴት እንደሆነ ሳይነግሩን ወሰዷቸው። ቅሉን አልጠየቁኝም፤ እኔም ልሰጣቸው ስል ያዘው ብለው እጃቸውን ወዘወዙልኝ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። እኔን ክረምቱ ሲገባ ፈቱኝ።

አሁን ፀጉሬ ከጆሮዬ በላይ መንጣት ጀምሯል። መንገዱ ዳር ትንሽ ሻይ ቤት አለችኝ። ሰው ሁሉ ቤቱን ቆርቆሮ ሲያለብስ እኔ በሳር ክዳን ጸንቻለሁ፤ ጎረቤት ስስታም ይለኛል፣ እኔም አዎ እላለሁ። ያንን ጠቅታ ጣሪያዬ ላይ እንዳልሰማው ነው። በግንቦት የቤቴ በር ላይ የረጠበ ጆንያ እሰቅላለሁ፤ ቅሉንም ደጃፉ ላይ እስከ አንገቱ እቀብረዋለሁ። ከደጋ የሚወርድ ሰው ሳይጠይቅ ይጠጣል። ሾፌሮቹ የእስር ቤቱን ወሬ ንገረን ሲሉኝ እነግራቸዋለሁ፤ ዝንቧን፣ አህያዋን፣ ሰይጣኑን። በየዓመቱ ሙቀቱን እጨምርበታለሁ። ይስቃሉ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አንድ ቀን የደገኛው ወንድም መጣ። ደረቱ እንደሱ ሰፊ ነው። ወንድሜ በኔ ምትክ ነው የሞተው፤ እንዴት እንደሞተ አብሮት ከነበረ ሰው ልስማ ብዬ ነው አለኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት፤ ስለ ገብሱና ስለ ማጭዱ ስነግረው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ስለ ቅሉም ነገርኩት፤ ያውም ማሳየት እወዳለሁና፣ ያው እሱ ነው ብዬ ደጃፉን አሳየሁት። ከዚያ መናገር የነበረብኝ ቦታ ደረስኩ።

"ለካ ቅሉ ተሰንጥቆ ኖሯል" አልኩት። "መሬቱ ጠጣው።"

ባለቤቴ ነገሩን ሳታውቅ፣ እንግዳው ጠምቶት ይሆናል ብላ ቅሉን ከአፈሩ መዝዛ፣ በኩታዋ ጫፍ ጠርጋ ሰጠችው። ሙሉ ነበር። ጠጣ፤ ቀስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው። ሲያበቃ ገለበጠው፤ ሥሩን በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ዳበሰ። ለባለቤቴ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ቅሉን መለሰላት። እኔን ምንም አልጠየቀኝም። ጋቢውን አስተካክሎ ወደ ደጋው መንገድ ወጣ፤ እኔም ከኋላው አልተጣራሁም።

ሼሁ ያችን ውሸት ያዋሱኝ ለዚያች ቀትር ብቻ ነበር። እኔ ይዣት ወጣሁ። ይህን የምጽፈው መንዝ ውስጥ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ለዚያ ወንድም ያነብለት ይሆናል ብዬ ነው። አምስት ጉንጭ ነበር። የጠጣሁት እኔ ነኝ። ቅሉ ዛሬም ደጃፌ ላይ አለ፤ ጠብታ አፍስሶ አያውቅም።