ባቱ ወይስ አዳማ? ከአባቴና ከቡናማ ሱፉ ጋር

ገና፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ቃሊቲ

አዲስ አበባ ፆሟን ፈትታ መልሳ ተኝታለች። መናኸሪያው ጭር ብሏል፤ ሁለት ሚኒባስ፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የመጡ ነጭ የለበሱ ጥቂት ሰዎች፣ ድፎ ዳቦ በነጠላ ጠቅልላ ያቀፈች አንዲት ሴትዮ። እኔ ትንሽ ሻንጣ ይዣለሁ። አባቴ ደግሞ ቡናማ ሱፉን በላስቲክ እንደተሸፈነ ከነማንጠልጠያው ከፍ አድርጎ ይዟል።

«አባዬ፣ ሐይቅ ዳር የምንሄድ ከሆነ ሱፍ ምን ያደርግልሃል?»

«አይከብድም» አለኝ። ስለ ክብደቱ አልጠየቅኩትም ነበር።

ነገሩን ላስረዳ። አባቴ አዳማ በሚገኝ አንድ ትልቅ ሆቴል ሠላሳ አንድ ዓመት በአስተናጋጅነት ሠርቶ ዓምና ጡረታ ወጣ። እናቴ ካረፈች ቆይታለችና አዲስ አበባ እኔ ጋ መጣ። ሆቴል የሚደምቀው በበዓል ነው፤ ስለዚህ እኛ ቤት በዓል የሚውለው በማግስቱ ነበር። የጎረቤት ልጆች ዶሯቸውን ጨርሰው እጃቸውን ሲታጠቡ እኛ ገና ድስቱ እንደተከደነ እያየን እናድራለን። ያደረ ዶሮ ወጥ ይበልጥ ይጣፍጣል እያለች እናቴ ታጽናናን ነበር። አባቴ ግን በበዓሉ ዕለት ተቀምጦ፣ ሌላ ሰው አቅርቦለት በልቶ አያውቅም። ዘንድሮ ይህችን አንድ ቀን ልሰጠው ተነስቻለሁ፤ የቸገረኝ የት የሚለው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲታዘዝ የኖረ ሰው ባቱ ሐይቅ ዳር ፀጥ ብሎ መቀመጥ የሚፈልግ ይመስለኛል። መለስ ብዬ ሳስብ ደግሞ አዳማ ከተማው ናት፣ ሰዉም የእሱ ሰው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጠየቅኩት። መልሱ አንድ ነው፦ «አንቺ እንዳልሽ።»

2 ሰዓት፣ ሞጆ

ሞጆ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ እንደ ሚኒባሳችን ቀጥ ካልን አዳማ፣ ወርደን ወደ ቀኝ ከታጠፍን ባቱ። ከባድ መኪኖች ጥግ ይዘው ተደርድረዋል። በዓል መንገድ ላይ የያዛቸው ሾፌሮች ተዋጥተው በግ ገዝተዋል መሰለኝ፣ አንድ ተሳቢ ጥላ ሥር ቆዳውን እየገፈፉ ይሳሳቃሉ።

«ሞጆ ወራጅ አለ?» አለ ሾፌራችን።

«አለ!» አልኩ። ወዲያው ፈራሁ። «ቆይ፣ የለም!»

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «እህቴ፣ አንዱን ቁረጪው እንጂ። ዳር ይዤ ልቁም ወይስ ልሂድ?»

ያልቆረጥኩበትን ምክንያት ስነግረው ተሳፋሪው ሁሉ ሸንጎ ተቀመጠ። ዳቦ ያቀፈችው ሴትዮ «በበዓል ሐይቅ ዳር? ዘመድ የላችሁም እንዴ?» አለች። ከኋላ አንድ ጎልማሳ «አዳማ ዛሬ ግፊያ ነው፤ ባቱ ይሻላል» ሲል መለሰላት። እኔ ሁለቱም ልክ መሰሉኝ።

«አባባ፣ እርስዎ ይወስኑ እንጂ» አለ ሾፌሩ።

«ጋባዧ እሷ ናት» አለ አባቴ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሮ «ባቱ ፀጥ ያለ ነው ይላሉ» አለ።

ይህን እንደ ምርጫ ቆጠርኩት። «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ፤ ወረድን፣ ሱፉም ወረደ።

5 ሰዓት፣ ባቱ

በሌላ መኪና ቆቃን፣ ዓለም ጤናን፣ መቂን አልፈን መጣን። መንገድ ዳር የሽንኩርት ክምር፣ የቲማቲም ሣጥን፣ ራቅ ብሎ በላስቲክ የተሸፈነው የአበባ እርሻ። ባቱ ስንደርስ አንድ ባለ ጋሪ «አካም፣ ነጉማ?» አለን። አባቴ የአዳማ ልጅ አይደል፣ በኦሮምኛ መልሶለት እስከ ሐይቁ ድረስ ሲጫወቱ ሄዱ። ደስ አለው ብዬ ደስ አለኝ።

ሐይቁ ዳር ግራር ሥር ወንበር የደረደረ ትንሽ ምግብ ቤት አለ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ትርፍራፊ እየጠበቁ ቆመዋል። ውኃው ዝም፣ ንፋሱ ዝም። አባቴ ሱፉን ግራሩ ላይ ሰቀለና በነጭ ሸሚዙና በጥቁር ሱሪው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዓሣ ጥብስ አዘዝን። የምታስተናግደው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ባልደረቦቿ ለበዓል ቤታቸው ገብተዋል አለችን።

«እንዴት ነው አባዬ?»

«ፀጥ ያለ ነው» አለ። ያ ማለት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ሠላሳ ዓመት ልጁ ሆኜም ይህን መለየት አልቻልኩም።

እንዲህ ተቀምጠን ሳለ ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንድ ሰውዬ አጨበጨበ፤ ሁለት ጊዜ፣ ጧ ጧ። አባቴ ብድግ አለ። ወዲያው አፍሮ ቁጭ አለ፣ እግሩ የደነዘዘበት መስሎ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። ሰውዬው ደግሞ አጨበጨበ። በዚያ ሁሉ ፀጥታ ውስጥ ከጭብጨባው በቀር የሚሰማ ነገር የለም። በሦስተኛው አባቴ ተነስቶ ሄደ።

«ቢራ ድገመንና ጠረጴዛውን አንሳልን» አለው ሰውዬው።

«እሺ ጌታዬ።»

አራት ሳህን በአንድ ክንዱ ደርድሮ ወደ ወጥ ቤት ሲገባ አየሁት። ደሜ ፈላ። አፈርኩም፤ በማን እንዳፈርኩ ግን እስካሁን አልገባኝም።

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል? ቁጭ በል እንጂ!»

«ልጅቷ ብቻዋን እኮ ናት።»

«እውነቱን ንገረኝ፣ የት ነበር መሄድ የፈለግከው?»

«አንቺ እንዳልሽ አልኩሽ እኮ።» ከዚያ ሐይቁን እያየ «አዳማ ዛሬ ሰው ይበዛል» አለ።

ሞጆ ላይ እንደተናገረው ነው፤ ስሞታ ይሁን ናፍቆት አይለይም። ግራ ገብቶኝ ቀና ስል ሱፉን አየሁት። ግራሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ከላስቲኩ ሥር ክራቫት አለ፤ ኪሱ ላይ የታጠፈ መሐረብ አለ። ሰው ይህን ሁሉ ተኩሶ ለዓሣና ለአሸዋ አይመጣም።

ሱፉን አውርጄ ሰጠሁት። «ልበስ። አዳማ እንሄዳለን።»

እንደለመደው ይመልስልኛል ብዬ ጠበቅኩ። «ስንት ሰዓት እንደርሳለን?» አለኝ።

9 ሰዓት፣ ወደ አዳማ

መኪና ጠፋ። የተገኘውም የበዓል ዋጋ ጠየቀን፤ አልተከራከርኩም፣ በዓሉ እያለቀ ነው። አባቴ ሱፉ እንዳይጨማደድ ጀርባውን ሳያስደግፍ ተቀምጧል።

«ሰርግ ነው አባባ?» አሉት አጠገቡ ያሉት ሴትዮ።

«በዓል ነው» አላቸው።

እኔ እንደገና ፈራሁ። የምወስደው እሱ የሠራበት ሆቴል ነው፤ ሲገባ ሥራው ትዝ ብሎት ቢከፋውስ? ሐይቁ ዳር ትንሽ ብንታገስ ይለምደው ይሆን ነበር? መቂ ላይ «እንመለስ ይሆን?» ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

11 ሰዓት ተኩል፣ አዳማ

ባጃጅ፣ ሙዚቃ፣ የጥብስ ሽታ፣ የዘነጠ ሰው። አባቴ ሆቴሉ ጋ ሲደርስ እግሩ ሳያስበው ወደ ጓሮው በር ታጠፈ። ክንዱን ይዤ በፊት ለፊት አስገባሁት። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ መስኮት ሥር አንዲት ጠረጴዛ አገኘን። አስተናጋጁ አዲስ ነው፣ አያውቀውም። ሁለት ጊዜ አልፎን ሄደ። ላጨበጭብ እጄን ሳነሳ አባቴ ያዘኝ።

«ተይ። ያየናል።»

ጠበቅን። መጣ።

«እንኳን አደረሳችሁ። ምን ልታዘዝ?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ምን አላችሁ?»

«ዶሮ ወጥ አለ፣ ክትፎ አለ፣ ጎረድ ጎረድ አለ፣ ጥብስ፣ ዱለት፣ ቅቅል አለ።»

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲለው የኖረውን ዝርዝር አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«እስቲ ድገምልኝ» አለው።

አስተናጋጁ እየቸኮለም ቢሆን ደገመለት። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ አላየም።

«ዶሮው የዛሬ ነው?»

«የዛሬ ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያው ዶሮ አምጣልን።»