የዓሣ ነባሪው ድርሻ

ድርቁ በይፋ ከመነገሩ በፊት በነበረው ዓመት የአንድ የመንግሥት ጋዜጣ የደሴ ወኪል ነበርኩ። በጥቅምት ከአዲስ አበባ በስልክ የመጣልኝ ትእዛዝ አጭር ነበር፦ «ከወሎ ገበሬ ቤተሰብ ወጥቶ ሶቪየት ኅብረት የተማረ፣ በመርከብ እስከ ደቡብ ዋልታ የደረሰ ልጅ አለ ይባላል። ፈልገህ ጻፍ።»

ያገኘሁት እዚያው ደሴ፣ የክፍለ ሀገሩን የእህል ምርት በሚገምት መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ በካርቶን በተደፈነ ክፍል ነው። የቢስቲማ ልጅ ነበር፤ ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ ሰው ሲያዳምጥ እርሳስ የሚያኝክ። የተማረው ክሪል ስለሚባሉ የባሕር ፍጥረታት ነው። ወሎ ባሕር የላትም። መዳቢዎቹ ግን ማስረጃው ላይ ቆጠራና ግምት የሚል ስላነበቡ ወደ እህል ላኩት።

«ቅር አላለህም?» አልኩት።

«ክሪልም ማሽላም ያው ነው» አለ። «ሁለቱም አያናግሩህም።»

ሦስት ቀን ተመላልሼ አነጋገርኩት። ክሪል ከትንሽ ጣት የማትበልጥ፣ ሰውነቷ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ዓይኗ ጥቁር ፍጥረት ናት። መንጋዋ ሲሰበሰብ ባሕሩ ይቀላል። መርከቡ ወደ ታች ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ መንጋው ላይ ነጥሮ ይመለሳል፤ ያ ክሪል መሆን አለመሆኑን ለማረጋገጥ ደግሞ መረብ ይጣላል። ችግሩ፣ ቀዩ ባሕር አጠገብ ባዶ ባሕር መኖሩ ነው። አጥማጁ ቀዩን አይቶ ባሕሩ ሞልቷል ይላል። አጥኚው ግን ካርታ ላይ እኩል የተራራቁ መስመሮችን አስቀድሞ ያሰምራል፤ የመጀመሪያው መነሻ በዕጣ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ በረዶ ቢገጥም፣ ማዕበል ቢነሣ፣ መስመሩ ባዶ ውሃ ላይ ቢወድቅ አይለወጥም።

«ባዶውን ካልቆጠርክ ሙሉውን አታውቀውም» አለኝ። ይህን በማስታወሻዬ ላይ አሰመርኩበት።

ሌላም ነገር ነገረኝ። ክሪልን ዓሣ ነባሪው ይበላታል፤ ፔንግዊኑም ይበላታል፤ ሌላ ምግብ የላቸውም ማለት ይቻላል። በዚያ ባሕር የሚያጠምዱ አገሮች በቅርቡ ውል ተዋውለው ነበር። መርከቦች ይህን ያህል ይውሰዱ ከመባሉ በፊት፣ ክሪልን በልተው የሚኖሩት እንስሳት የሚያስፈልጋቸው መታሰብ አለበት የሚል ነው። ውሉ መከበሩን ስጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ። «ገና ነው። መጻፉ ግን አንድ ነገር ነው።»

ጽሑፌ ወጣ። አለቃዬ ደውሎ አመሰገነኝ፤ የዓሣ ነባሪው ነገር በተለይ ደስ ብሎት ነበር።

በኅዳር የምርት ግምት ሥራ ተጀመረ። የእህል ግምት ሠራተኞች በላንድሮቨር ወጥተው፣ በገመድና በአራት ችካል ማሳ ውስጥ ትንሽ አራት ማዕዘን ይከልላሉ፤ በውስጡ ያለውን አጭደው፣ ወቅተው ይመዝናሉ። ከዚያ በአውራጃው የማሳ ስፋት ያባዙታል። መኪናው የሚደርሰው መንገድ ዳር ነው፤ ስለዚህ ዓመት ዓመት የሚከለለው የኮምቦልቻና የገራዶ ሜዳ ነበር። እዚያ በዚያ ዓመትም ደህና እህል ነበር። ግምቱ ከፍ ካለ ገበሬው ለመንግሥት የሚያስገባው ኮታ ከፍ ይላል። ኮታው ከፍ ካለ፣ የሌለው ገበሬ የዘሩን ጉድጓድ ይከፍታል።

«መንገድ ዳሩ ቀዩ ባሕር ነው» አለኝ የክሪሉ ባለሙያ። የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ለምኖ አንድ ጊዜ በመስመር እንዲሠራ ተፈቀደለት። ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ጠራኝ።

«አንተ የማንም ወገን አይደለህም። ዓይንህን ጨፍነህ እስክሪብቶህን ጣል።»

ጣልኩት። ከቢስቲማ በላይ ካለው ተራራ ላይ ወደቀ። ባለሙያው አይቶ በሳቅ ፈነዳ።

«አንተ ሰውዬ! ይኼ'ኮ የአጎቴ አገር ነው!»

«እንደገና ልጣል?»

«አይሆንም» አለ፣ ሳቁን አቁሞ። «የወደቀበት ወደቀ።»

ከዚያ ነጥብ ተነሥቶ መስመሮቹን እስከ ኩታበር ዳገት ድረስ አሰመረ።

አብሬው ሄድኩ። ከቢስቲማ በኋላ በእግር ነው። ማሽላው ቆሟል፤ ከሩቅ ሲታይ ማሳ ነው። ሲቀርቡት ዛላው ባዶ ነበር። ባለሙያው ችካሎቹን ተከለ፤ አጨደ፤ ወቃ። ሚዛኑ ላይ ያስቀመጠው እፍኝ አይሞላም። እንደገና መዘነው፤ ያው ነበር። ጻፈው።

አጎቱ ማሳው ጫፍ ላይ ቆመው ያዩናል። ሸምገል ያሉ፣ ረጅም፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሰው ነበሩ።

«ልጄ፣ ባሕር ድረስ ሄደህ የተማርከው ይኼን ነው? ባዶ መመዘን?»

«አዎ አጎቴ፤ ባዶም ይመዘናል። ይልቅ አንቱ ጋዜጠኛውን ስለ ክሪል ይጠይቁት፤ ጽፎልኛል።»

ነገርኳቸው። «ሐላል ናት?» አሉ መጀመሪያ። የዓሣ ነባሪው ድርሻ ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ቆይ፣ ቆይ። መርከቡ ሳይወስድ በፊት ለዓሣ ነባሪው ያስባሉ?»

«ውሉ እንደዚያ ይላል።»

«ወላሂ፣ እኔ ዓሣ ነባሪ ሁኜ በተፈጠርኩ!» አሉና ሁላችንንም አሳቁን።

ከዚያ እጄን ይዘው ከቤታቸው ጓሮ ወሰዱኝ። ድንጋይ የተጫነበት፣ በእበት የተለሰነ የጉድጓድ አፍ አሳዩኝ። «የምንበላው እስከ ጥር አይደርስም፤ እሱንስ አላህ ያውቃል። ይቺ ግን ዘሬ ናት። ኮታ ብለው ይቺን ከከፈቱብኝ፣ ዝናብ ቢመጣም ባይመጣም ለእኔ አንድ ነው። እንደዚህ ብለህ ጻፍልኝ።»

እጽፋለሁ አልኩ። ግን የመንግሥት ማረጋገጫ ሳይኖረኝ አልጽፍም ነበር፤ ልማዴ ነው። ባለሙያው ሪፖርቱን አስገባ፦ በመስመሩ ላይ ካሉት ነጥቦች አብዛኞቹ ባዶ ናቸው፣ ከተራራው ወረዳዎች ኮታ ይነሣ የሚል። ኃላፊው እስኪፈርምበት እጠብቅ ጀመር።

በታኅሣሥ ተጠራሁ። ኃላፊውና ሁለት ካድሬዎች ተቀምጠዋል፤ ጥግ ላይ ጸሐፊ አለ። ባለሙያው ቆሟል። አንድ ሰው ቦታው የአጎቱ መሆኑን ጠቁሞ ነበር።

«ጓድ ጋዜጠኛ፣ ቦታውን ማን መረጠው?»

«እኔ ነኝ። ዓይኔን ጨፍኜ እስክሪብቶ ጣልኩ።»

«የአብዮቱ እህል በጨፍኑ ላሞኛችሁ ጨዋታ ተገመተ በለኛ!» አለ አንዱ ካድሬ። ኃላፊው ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «የአጎቱ አገር መሆኑን አንተ ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«አላውቅም ነበር።»

«እሱስ?»

የማውቀውን መለስኩ። «እስክሪብቶው ከወደቀ በኋላ አውቋል።» እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ንጹሕነቱን የሚያስረዳው ትልቁ ማስረጃ ግን በእጄ ያለ መሰለኝና ጨመርኩ፦ «እንዲያውም እንደገና ልጣል ብዬው፣ እሱ ነው አይሆንም ያለው። በባሕር ጥናት መስመር አይለወጥምና።»

ባለሙያው አንገቱን ደፋ። ሲጽፍ የቆየው ጸሐፊ ቀና ብሎ አየኝ። ካድሬው ቃሌን ቀስ ብሎ ደገመው፦ «የዘመዱ ቦታ መሆኑን አውቆ፣ ቀይር ሲባል አልቀይርም ብሏል። ጻፍ።» ስለ ባሕሩ ያልኩት አልተጻፈም። ቃሉን አንብቤ ፈረምኩ፤ በተጻፈው ውስጥ ሐሰት አልነበረም።

ሪፖርቱ ከነኩታበር ነጥቦቹ በሙሉ ተጣለ። የመንገድ ዳሩ ግምት ጸደቀ። ባለሙያው ከሥራ ታገደ፤ ሳምንት ሳይሞላ ከቤቱ ተወሰደ። ሁለት ጊዜ ልጠይቀው ሄጄ አላስገቡኝም። በየካቲት ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሯል ተባልኩ፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግረኝ አልተገኘም። ኃላፊው ያልፈረመበትን ግምት ይዤ ጋዜጣ ላይ የምጽፈው አልነበረኝም። አልጻፍኩም።

በሚቀጥለው ዓመት ሕዝቡ ከተራራው ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። መጠለያው ጋ ስዞር፣ ለእህል ከተሰለፉት መካከል ነጩን ቆብ አየሁ። ቆሞ መዋል ስላቃታቸው በሰልፉ ውስጥ ተቀምጠው፣ ሰልፉ ሲሄድ በእጃቸው መሬቱን እየተደገፉ ይጠጋሉ። ባለቤታቸው ከቢስቲማ ሲወርዱ መንገድ ላይ ቀርተዋል። ጉድጓዱ በጥር መከፈቱን ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

«እስክሪብቶውን የጣልከው አንተ ነህ አሉ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምነው አልነገርካቸው?»

«ነግሬያቸዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። እጄን ሰጠኋቸው፤ ይዘውት ትንሽ ፈቀቅ አሉና መልሰው ለቀቁኝ።

«ግማሹ ይበቃ ነበር» አሉ።

ከዚያ ስለ ልጁ ጠየቁኝ፤ ደብዳቤ መጥቶልህ ያውቃል ወይ ብለው። አልመጣልኝም አልኩ። ያም እውነት ነበር።