የአባቴ ጉድጓድ ጆርናል ላይ

ዛሬ አንድ የጆርናል ጽሑፍ ስከፍት ካርታው ላይ የአባቴን የውሃ ጉድጓድ አገኘሁት።

ለማስተርስ ጥናቴ ስለ ቆቦ ሜዳ የከርሰ ምድር ውሃ የተጻፈ ነገር ስፈልግ ሳምንታት አለፉ። ጎግል ርዕሱን ያሳየኛል፤ ልክፈተው ስል ተቆልፏል። የቆቦ ኔትወርክ ደግሞ ርዕሱንም የሚያሳየው ደስ ሲለው ነው።

ጠዋት የዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጋ ደወልኩ።

«በተማሪ መለያሽ በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ በኩል ግቢ። ‹ቆቦ› ብቻ ሳይሆን ‹ራያ› ብለሽም ፈልጊ» አሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግሁ፤ ተከፈተልኝ። ከሰፈራችን መስጊድ ጎን ያለችው ነጥብ የእኛው ጉድጓድ ናት።

አባቴን ጠርቼ አሳየሁት። ከዓመታት በፊት መጥተው ጉድጓዱን የለኩትን ሰዎች አስታወሳቸው።

«ታዲያ ምን አገኙ?» አለኝ።

«ውሃው ወደ ታች እየራቀ ነው ይላሉ።»

«እሱንማ እኛም ገመድ ስንቀጥል አውቀነዋል» አለ ረጋ ብሎ። «ተመልሶ የነገረን ግን የለም። አንች ስትጨርሽ መስጊዱ ጥላ ሥር ቁጭ ብለሽ ለጎረቤቱ ትነግሪያለሽ።»

«ኢንሻአላህ» አልኩት። ከመመረቂያው ፈተና ይልቅ ይሄኛው አስፈራኝ።

እናንተስ ሰፈር ለክተው ከሄዱት መካከል ተመልሶ ውጤቱን የነገራችሁ አለ?