እጁን ለማየት የገዛሁት ካርድ

እንጅባራ ውስጥ ካርድ ፍለጋ መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ሻጯ “የስንት ብር?” አለችኝ። የስልክ ካርድ መስሏት ነው፤ አልፈርድባትም። የኮምፒውተር ምስል የሚያፈጥን ካርድ መሆኑን ሳስረዳት፣ ለእሱስ ዳንግላ ብሄድ እንደሚሻለኝ ነገረችኝ። እዚያ ገበያው አጠገብ አሮጌ ኮምፒውተር እየፈቱ ዕቃውን የሚሸጡ አንድ ሐጂ አሉ አለችኝ።

ኮምፒውተሬ ካረጀ ቆይቷል። ዜና እጽፍበታለሁ፣ ድምፅ እቆርጥበታለሁ፤ ለሥራዬ ከዚያ በላይ ጠይቄው አላውቅም። አዲስ ለመግዛት አቅሜም አይፈቅድም። ካርዱን የፈለግሁት ለአንድ ቪዲዮ ብቻ ነው።

ቪዲዮው አራት ደቂቃ ይሆናል። ዘንገና ሐይቅ ዳር ለዘገባ በሄድን ቀን የሥራ ባልደረባዬ የቀረጸው ነው። የአባቴ ቤት ከሐይቁ ብዙ ስለማይርቅ፣ መምጣታችንን ሰምቶ በቅሎውን እየሳበ ሊያየን መጣ። እኔ ካሜራው አጠገብ ቆሜ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው፣ ከአለቃዬ ጋር በስልክ አወራለሁ። አባቴ ከኋላዬ በርቀት ይታያል። በዚያው ክረምት አረፈ። ባልደረባዬ ቪዲዮውን የላከልኝ ከለቅሶው በኋላ ነው።

ስልኬ ፋይሉን አልከፍትም አለ። ኮምፒውተሬ ይከፍተዋል፣ ግን ድምፁ ሲሄድ ምስሉ ይደርቃል። አባቴ እጁን ወደ እኔ ሲዘረጋ አያለሁ፤ እዚያው ላይ ይቆማል፤ ምስሉ ሲመለስ እጁ ወርዷል። መሐሉ የለም። መዳፉ ወደ መሬት ተዘርግቶ የደረቀ እጅ ደግሞ ሁለት ትርጉም አለው። “ተወው፣ ሥራህን ሥራ” ሊሆን ይችላል። “ና” ሊሆንም ይችላል፤ በእኛ አገር ሰው የሚጠራው መዳፍን ወደ ታች አድርጎ ጣትን በማጠፍ ነውና። ልዩነቱ ያለው ጣቶቹ ላይ ነው። እኔ “ተወው” ነው ብዬ ለወራት ይዤው ቆየሁ። ማስረጃ ግን አልነበረኝም።

አንድ ቅዳሜ ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ዳንግላ ወረድኩ። ሐጂ ሳጥኑን ከፍተው አቧራውን እፍ አሉና ይሄስ ጡረታ ይገባው ነበር አሉኝ። ከዚያ ሦስት ያገለገሉ ካርዶች ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

ትልቁ ሁለት ማራገቢያ አለው። ጌም የሚጫወቱ ልጆች የሚሻሙት እሱን ነው። ግን ለብቻው የኃይል ገመድ ይፈልጋል፤ የእኔ ኮምፒውተር ያ ገመድ የለውም። ርካሹ ይገጥማል፣ ነገር ግን እንደ ባልደረባዬ ያሉ ካሜራዎች ሳይመጡ የተሠራ በመሆኑ ቪዲዮውን ራሱ ፈትቶ ማጫወት አይችልም፤ ሸክሙን መልሶ ለአሮጌው ኮምፒውተር ይተውለታል። ሦስተኛው አጭር ነው፤ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ አለችው፣ ኃይሉን የሚወስደው ከተሰካበት ቦርድ ነው። ዋጋውም ከሁለቱ መሐል ነው። የሳጥኑን ውስጥ በማስመሪያ ለክቼ ስለነበር ማስታወሻዬን አውጥቼ ቁጥሩን አነበብኩላቸው።

“አንተ ካርድ ልትገዛ ነው የመጣኸው ወይስ ልትመረምረኝ?” አሉ።

ለአንድ ቪዲዮ መሆኑን ስነግራቸው ሳቁ። ለአንድ ቪዲዮማ ካርድ አይገዛም፣ ቪዲዮውን ራሱን ጥራቱን ቀንሼ በነጻ አሳንስልሃለሁ አሉ። ሞክሬው እንደነበር ነገርኳቸው፤ ሲያንስ ሳይቆራረጥ ይሄዳል፣ ግን አባቴ ሩቅ ስለቆመ እጁ ከጋቢው ጋር ይቀላቀላል። አባትህ ናቸው እንዴ አሉና መፍቻቸውን አነሱ።

ትንሹን ካርድ ሰክተው፣ ከራሳቸው ስክሪን ጋር አገናኝተው አበሩት። የሚያስፈልገውን ፕሮግራም ጭነው እስኪጨርሱ ጥቂት ቆየን። ከዚያ ቪዲዮውን ከፈትኩት።

ውሃው ተንቀሳቀሰ። ሣሩ በነፋስ ተኛና ተነሣ። የእኔ ድምፅ ከፊት፣ ከሁሉም በላይ ጎልቶ፣ እዚህ ምንም የተለየ ነገር የለም ይላል። አባቴ ከኋላዬ እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ ታጠፉ፣ ተዘረጉ፣ ታጠፉ። ጠበቀና ደገመው። እኔ አልዞርኩም። በመጨረሻ፣ መጀመሪያውኑ እጁን የዘረጋው ለዚያ እንደሆነ ሁሉ፣ የበቅሎዋን አንገት ዳበሰ።

ሐጂ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብለው ነበር።

“እየጠሩህ ነበር እኮ” አሉ።

“አዎ።”

“ለምን ነበር?”

አላውቅም አልኳቸው። ካርዱን እንደምወስደው ነገርኳቸው። የሶላት ሰዓት ደርሶባቸው ነበርና፣ ሰግጄ እስክመለስ ተቀምጠህ እይ ብለውኝ፣ ሱቁን ከነዕቃው ትተውልኝ ወጡ።

ደግሜ አየሁት። ጣቶቹ የታጠፉት አራት ጊዜ ነው፤ ቆጠርኩ። ምሳ ደርሷል ሊለኝ ይሆናል። ሐይቁ ላይ አንድ ነገር አይቶ ሊያሳየኝም ይሆናል፤ ሲጠራኝ ዓይኑ አንዴ ወደ ግራ ሄዷል፣ ካሜራው ግን ወደዚያ አልዞረም። ወይም አጠገቡ እንድቆም ብቻ ይሆናል። ወሬ ከሁለት ሰው ሳላረጋግጥ ጽፌ አላውቅም። ይህን የምጠይቀው ሰው ግን አንድ ብቻ ነበር።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ከማሳው ማዶ በአዊኛ ሲጠራኝ እኔ በአማርኛ “አቤት” ብዬ እሮጥ ነበር። ትምህርት ቤት ያስለመደኝ ነው፤ እሱም አቤት ባዩ መጣ እያለ ይስቅብኝ ነበር። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። እጁ ሲዘረጋ ጠብቄ፣ በቀስታ፣ አቤት አልኩ። ቪዲዮው አለቀ። መልሼ ከመጀመሪያው አስጀመርኩት።