የተዘቀዘቀው ነጠላ

ይህ ገጠመኝ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ አልፎ የሰርግ ወቅት ሲጀምር ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ መጀመሪያ ፊቴ ይቀላል፣ ቀጥሎ ሳቄ ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ደረቴን ነፋ አድርጌ እሄዳለሁ። በሰው ፊት ተሳስቼ እንዲህ የተከበርኩበት ሌላ ቀን የለኝም።

የሕፃናት መጽሐፍ ሠዓሊ ነኝ። ከዚያ በፊት ካዛንቺስ አካባቢ አንድ ማስታወቂያ ቤት ውስጥ ታፔላ እስል ነበር። በጥርስ ሐኪም በር ላይ የሚስቅ ጥርስ አይታችሁ የምታውቁ ከሆነ ከእኔ እጅ የወጣ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ጥርስ መሳል አንገፈገፈኝና ሥራውን ጥዬ ወጣሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ልጆች የሚያገላብጡት መጽሐፍ መሳል ነበር።

እናቴ አልወደደችውም። "የሰው ልጅ ባንክ ይገባል፣ የእኔዋ ዶሮ ትስላለች" ትላለች ለጎረቤት። ዶሮዋ እንኳን እውነት ናት፤ የመጀመሪያ ሥዕሌ ነበረች። እናቴ የምትፈልገው ግን ሌላ ነው። "ሰርግሽን ሳላይ እንዳልሞት" የማትልበት ቀን የለም። እኔ ደግሞ "መጀመሪያ መጽሐፌን እዪ" እላታለሁ።

የምንኖረው ቂርቆስ ነው፣ እኔና እሷ ብቻ። አባቴ ቡልጋሪያ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር፤ ድንገት ነው ያረፈው። የሙት ዓመት ተዝካሩ ሲወጣ ዘመድ ተሰብስቦ እናቴን ጥቁር ልብሷን አስወለቃት። ነጠላዋን ግን ማንም ሊያስተካክልላት አልቻለም። ጥለቱን ወደ ላይ፣ አንገቷ ሥር አድርጋ እንዳዘቀዘቀችው ቀረች። "ለእሱ ይኼ አይበዛበትም" ትላለች። ከዚህ በኋላ ማን ደፍሮ ይናገራታል?

የመጀመሪያ መጽሐፌን የሰጠኝ አሳታሚ ጋሽ ደረጀ ይባላል። ቢሮው ካዛንቺስ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቸኩሎ የተወለደ ሰው ነው እንጂ። ሁለት ስልክ በሁለት ጆሮው ይዞ በመሀል እኔን "እሺ፣ ቀጥዪ" ይለኛል። ታሪኩን የጻፈችው ሌላ ደራሲ ናት፤ አጭር ነው። ሚሚ የምትባል ልጅ ከእናቷ ጋር ወደ አክስቷ ሰርግ ስትሄድ ሚኒባስ ውስጥ የአዲስ ጫማዋን አንድ እግር ትጥላለች። ከዚያ ፍለጋ ነው።

ሥዕሎቹን በውሃ ቀለም ሠራኋቸው። ወራት ፈጁብኝ። የፈረሱትን የካዛንቺስ ቤቶች ከነበረንዳቸው መልሼ አቆምኳቸው። የሚኒባሱን ረዳት በመስኮት አንጠልጥዬ አስጮህኩት። ለሚሚ እናት ሞዴል ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ዜና ስትሰማ፣ ስታንጎላጅ እያየሁ እሷኑ ሳልኳት። ሽንኩርቱን አስጣልኳትና የሀበሻ ቀሚስ አልብሼ ሰርግ ሰደድኳት።

ሥዕሎቹን በእጄ ሰፍቼ እንደ መጽሐፍ አደረግኳቸውና ጋሽ ደረጀ ጋ ይዤ ሄድኩ። ቶሎ ቶሎ ገለጠና ወደ ጎን አደረገው። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው።

"እስቲ ይኼን እዪ። በአንድ ቀን ነው ያሠራሁት። ኮምፒውተሩ ራሱ እኮ ነው የሚስለው።"

አየሁ። ያው ሚሚ፣ ያው ሚኒባስ፣ ያው ሰርግ። ሁሉም ያብረቀርቃል። የሚሚ ዓይን ሲኒ ያክላል። እናቷ የለበሰችው ነጠላ ይሁን መጋረጃ አይታወቅም። የሚኒባሱ በር የት እንዳለ ፈልጌ አጣሁት።

"ጋሽ ደረጀ፣ ይኼ እኮ አዲስ አበባ አይደለም" አልኩት።

"ልጅ ዝርዝር አያይም፣ እህቴ። ደማቅ ቀለም፣ ትልቅ ዓይን፣ በቃ! አንቺ በረንዳ በረንዳ እያልሽ ዕድሜሽን ጨረስሽ።"

ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። አፌ ራሱ ነው የተናገረው። "እንግዲያው ልጆቹ ይፍረዱን" አልኩ። ጋሽ ደረጀ ትንሽ አሰበና ሳቀ። ቡልጋሪያ አካባቢ አንድ የሚያውቀው መዋዕለ ሕፃናት አለ። ሁለቱንም እናሳያቸዋለን፤ የወደዱት ይታተማል። "የኮምፒውተሩን ከመረጡ ግን እንዳትቀየሚኝ" አለኝ። እኔም "አልቀየምም" አልኩ፤ ውሸቴን ነው። የማስታወቂያ ቤቱ አለቃዬ "ስትፈልጊ ተመለሺ" ብሎኝ ነበር። ከተሸነፍኩ ጥርሶቼ እየጠበቁኝ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሄድን። ክፍሉ ውስጥ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለዋል። መምህርታቸው ሚስ ሰናይት ታሪኩን ልታነብ፣ እኔ ሥዕሉን ላገላብጥ ተስማማን። ጋሽ ደረጀ ከኋላ በር ተደግፎ ቆመ፤ እንደ ልማዱ ስልኩ ላይ ነው።

መጀመሪያ የኮምፒውተሩ ቀረበ። ገና የመጀመሪያው ገጽ ሲገለጥ "ዋው!" አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ። እስከ መጨረሻው ጸጥ ብለው ሰሙ፤ ሲያልቅ አጨበጨቡ። ጋሽ ደረጀ ከኋላ አውራ ጣቱን አሳየኝ።

ቀጥሎ የእኔን ገለጥኩ። "ዋው" ያለ የለም። ሚስ ሰናይት "ሚሚና እናቷ ዛሬ በጣም ደስ ብሏቸዋል፤ ወደ ሰርግ ሊሄዱ ነው" ብላ አነበበች። ሁለተኛውን ገጽ ልገልጥ ስል ከፊት የተቀመጠች፣ ሁለት የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ልጅ እጇን አወጣች። ሶልያና ነው ስሟ።

"ሚስ፣ ማን ሞቶባት ነው?"

"ማን ሞተ? ማንም አልሞተም፣ ሶሊዬ። ሰርግ ነው የሚሄዱት።"

"አይደለም። ለቅሶ ነው የሚሄዱት። የኔ እማዬ ለቅሶ ስትሄድ ነው ነጠላዋን እንደዚህ የምትገለብጠው።"

ወደ ሥዕሌ አየሁ። እናቴ እዚያ ቆማለች፣ በሀበሻ ቀሚስ፣ ወደ ሰርግ ልትሄድ፤ ጥለቱ አንገቷ ሥር ነው። ገለጥኩ፤ ሚኒባስ ውስጥም አዘቅዝቃለች። ገለጥኩ፤ ድንኳኑ በር ላይም አዘቅዝቃለች። እልል የሚሉ ሴቶች መሀል ብቻዋን ሐዘንተኛ ሆና ቆማለች። እኔ ሠዓሊዋ፣ ጥለቱን አንድ በአንድ በቀጭን ብሩሽ የቀባሁት፣ አላየሁትም። እናቴን እንደዚያ ማየት ስለለመድኩ የነጠላ ደንብ እሱ መስሎኛል።

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ልጆቹ ግን እኔን ረስተውኛል፤ ተነሥተው መጽሐፉን ከበቡትና ጭቅጭቅ ጀመሩ።

"ሰርግ ነው ተብሏል እኮ!"

"ታዲያ ነጠላዋን ለምን ገለበጠችው?"

"አባቷ ነው የሞተው" አለ አንዱ። "የለም እኮ። እዩ፣ ቤት ውስጥ የለም።"

"ታክሲው ውስጥ ፈልገው!" አለችው ሶልያና። በትንንሽ ጣቶቻቸው ተሳፋሪውን ሁሉ እየነኩ ፈለጉት። ሾፌሩን አዩ፣ ረዳቱን አዩ፣ ከኋላ ዶሮ ያቀፉትን ሽማግሌ አዩ። "እዚህም የለም" ብላ ሶልያና በሐዘኔታ ቀና ብላ አየችኝ። "ሞቶ ነው አይደል?"

በአባቴ ቀብር ላይ ያላለቀስኩት ለቅሶ እዚያ ምንጣፍ ላይ ሊወጣ ነበር። እንደምንም ዋጥኩት። ለነዚህ ልጆች መዋሸት ደግሞ የሚቻል አልመሰለኝም።

"እውነታችሁን ነው። የኔ አባት ነው የሞተው" አልኳቸው። "የሳልኩት እናቴን ነው። የሚሚ እናት ግን ሰርግ ነው የምትሄደው። ተሳስቼ ነው። እንዴት አድርጌ ላስተካክለው?"

ሶልያና ጊዜ አላጠፋችም። የደንብ ልብስ ሹራቧን አወለቀችና ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ "እንደዚህ! የሚያምረው ወደ ታች!" ብላ ተሽከረከረች። እኔም ማርከር ይዤ ነጩ ሰሌዳ ላይ የሚሚን እናት ሳልኩ። "ዝቅ አድርጊው፣ ሌላም ዝቅ" እያሉ አዘዙኝ። አንዱ "አሁን እልል ትበል" አለ፤ አፏን ከፍቼ ምላሷን ሠራሁላት። ክፍሉ ሁሉ እልልታ ሆነ። የጎረቤት ክፍል መምህርት ምን ተፈጠረ ብላ ብቅ አለች።

ዞር ስል ጋሽ ደረጀ ስልኩን ኪሱ ከቶታል። ከተዋወቅን ጀምሮ ሁለቱንም እጁን ባዶ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ካዛንቺስ የተመለስነው በጋሽ ደረጀ መኪና ነው። እኔ በልቤ ጥርስ መሳል ጀምሬያለሁ። በኋላ መብራት ሲይዘን ወደ እኔ ዞረ።

"ልጅ ዝርዝር አያይም ያልኩት እኔ ነኝ?"

"እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ ደረጀ።"

"የኮምፒውተሩን አጨበጨቡለት፤ ሲያልቅ ረሱት። ባንቺው ተጣሉ። እኔ የምፈልገው ልጅ የሚጣላበት መጽሐፍ ነው።" መብራቱ ለቀቀ፣ ከኋላ ክላክስ ጮኸብን፣ እሱ ግን ንግግሩን አልጨረሰም። "ያንቺ ይታተማል። ነጠላውን ግን አደራሽን!"

እልል ማለት ቢያምረኝም የሰው መኪና ውስጥ ነኝና ቻልኩት።

ቤት ስደርስ እናቴ መስኮቷ ሥር ናት። አጠገቧ ተቀመጥኩና "እማዬ፣ ነጠላሽን አስተካክለሽ ልበሺልኝ። ለሥዕሉ ነው" አልኳት።

"ጎረቤት ሞልቶ የለም እንዴ? ሌላ ሴት ሳዪ።"

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ሶልያናን፣ ጭቅጭቁን፣ ፍለጋውን። አባቴ ጋ ስደርስ ፊቷ ተለዋወጠ።

"የለም አሉ?"

"አዎ።"

"ታክሲው ውስጥም ፈለጉት?"

"እያንዳንዱን ሰው እየነኩ ፈለጉት።"

ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። "እነዚህ ጉዶች!" አለች። ከዚያ ተነሥታ ነጠላዋን አወረደች፣ አራገፈችው፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ ለበሰች። "በይ ቶሎ ሳዪ። ለሥዕል ነው እንጂ…" ብላ ሳትጨርሰው ቀረች።

ሁሉንም ገጽ እንደገና ሠራሁት። ለእያንዳንዱ ገጽ እናቴ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ስንጨርስ መልሳ ታዘቀዝቃለች። አንድ ቀን ግን ስንጨርስ ብር ይዛ ሱቅ ወጣች። በመስኮት አየኋት፤ ጥለቱ ወደ ታች ነው፣ ፀሐይ አርፎበታል። ረስታው ይሁን አስባበት እስከ ዛሬ አላውቅም። ስትመለስም ሆነ ከዚያ በኋላ አላዘቀዘቀችውም።

አንድ ሌላ ነገርም ለወጥኩ። በመጀመሪያው ታሪክ የሚሚን ጫማ የሚመልስላት ረዳቱ ነበር። ደራሲዋን በጋሽ ደረጀ በኩል ለምኜ አስፈቀድኳት፤ አሁን ጫማውን ይዞ ድንኳኑ በር ላይ የሚጠብቃት አባቷ ነው። የሞተር ግራሶ የነካው ቱታ ለብሷል፣ ከጋራዥ ቀጥታ መምጣቱ ነው። ልጆቹ ፈልገው ያጡትን ሰው ሳያገኙት እንዲቀሩ አልፈለግኩም።

መጽሐፉ መስከረም ላይ ወጣ። ምረቃውን ሌላ ቦታ አላደረግነውም፤ እዚያው መዋዕለ ሕፃናት ግቢ ውስጥ ነበር። እናቴ ከቂርቆስ ጀምሮ ነጠላዋን እያስተካከለች መጣች። መጽሐፉን ሰጠኋት። መጨረሻው ገጽ ላይ ቆመች፣ ባለ ቱታውን ሰውዬ በጣቷ ደጋግማ ዳበሰችው።

ለምረቃው ተጠርታ የመጣችው ሶልያና አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ ጥርሶቿም በቅለዋል። ከሩቅ እናቴን አየቻትና መጽሐፉን ከፍታ ከሥዕሉ ጋር አስተያየቻት። ከዚያ እየሮጠች መጥታ ፊቷ ተገተረች።

"አንቺ ነሽ አይደል? ሰርግ ልትሄጂ ነው?"

እናቴ ወደ እኔ አየች። ልጆቹ መጽሐፌን እየተሻሙ ነው፣ ጋሽ ደረጀ ያለ ስልክ ቆሞ ይስቃል።

"ደርሻለሁ፣ የኔ ልጅ" አለቻት። "የልጄ ሰርግ ይኸውልሽ።"

እልልታዋ ሰፈሩን አናጋው። ልጆቹም ተቀበሏት።

አሁን አዲስ ሥዕል ስጨርስ መጀመሪያ የምወስደው ወደዚያ ምንጣፍ ነው። ካልተጣሉበት መልሼ እሠራዋለሁ። መሳሳት እንደ ድሮው አያስፈራኝም፤ የሚያይልኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እናቴ ደግሞ ዛሬም ለጎረቤት "ልጄ ዶሮ ትስላለች" ትላለች። አነጋገሯን ብትሰሙ ግን ሚኒስትር የሆንኩ ነው የሚመስላችሁ።