የመካኒኩ ሚስት ጸሎት

ልብስ ሰፊዋ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ጎረቤቶቿ ከጨዋነት ቆጥረውላታል። እውነቱ ግን አንድ የፊት ጥርሷ የለም። ለጠየቃት ሁሉ «ከቤታችን ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ትላለች። ቤቷ ደረጃ የለውም። ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም፤ ልብ ያለም ቢኖር አፉን ይዟል።

ባሏ መካኒክ ነው። ድሮ ጠጥቶ ሲመጣ በሩን የሚከፍተው በእግሩ ነበር። እሷም ጸሎቷ አንድ ብቻ ሆነ፤ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ሰው ለውጥልኝ።» የጸሎት ጓደኞቿ አንዴ ልጅ፣ አንዴ ሥራ፣ አንዴ ቤት እያሉ ልመናቸውን ሲቀያይሩ እሷ እዚያችው ላይ ሙጭጭ አለች። ጉልበቷ ጠቆረ። እናቷ እንኳ «ልጄ፣ እግዜርም ሳይሰለቸው አይቀርም» ብላታለች።

አልሰለቸውም። ሰውየው ተለወጠ፤ ያውም ከልቡ። መኪና ሥር ተጋድሞ መዝሙር ያንጎራጉራል፤ መጠጥ ቤቱ ጋ ሲደርስ መንገድ ይሻገራል። ደስ አላት። ግን ደስታው ለሌላ ሰው እንደተሰፋ ቀሚስ ሆነባት፤ ቢያምርም ልኳ አልሆነም። ለምን እንደሆነ ያወቀችው እሑድ ዕለት ነው።

በጉባኤው መሃል ምስክርነት ያለው ይምጣ ተባለ። መካኒኩ ማይክራፎኑን ጨብጦ ሁሉን ዘረገፈው። «ሚስቴን እመታት ነበር! የፊት ጥርሷን ያወለቅኩት እኔ ነኝ! ዛሬ ግን ጌታ ይቅር ብሎኛል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከዚያ ሰው ሁሉ ዞሮ አፏን አየ። ስንት ዓመት የደበቀችው ገመናዋ እንዲህ ተሰጣ። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት አቅፋ ሳመቻት። «እንኳን ደስ አለሽ እህቴ፣ የጽናትሽን ዋጋ አገኘሽ!»

ልብስ ሰፊዋ እጇን ከአፏ ላይ አላወረደችም።

ቤት እንደገቡ መካኒኩ ፊቱ እያበራ «እንዴት ነበር?» አላት።

«ለእግዚአብሔር ነገርከው፤ ለጉባኤው ነገርክ። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«ምን ብዬ ልጠይቅሽ?»

«‹ይቅር በዪኝ› ብለህ ነዋ!»

መካኒኩ እንደ ትልቅ ሰው ራሱን ነቀነቀ። «ምሬት ልብሽ ውስጥ ገብቷል የኔ እመቤት። ነይ፣ ልጸልይልሽ።» ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ወደ ራሷ አነሳ። እጁ ከፍ ሲል ትከሻዋ በራሱ ጊዜ ሸሸ። እሱ አላየም።

«ጌታ ሆይ፣ ይህችን ሴት ለውጥልኝ!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ጸሎቱን ታውቀዋለች፤ የራሷ ነው። ተናደደች። ቢሆንም የለመደ ጉልበቷ ታጠፈና እሷም ከንፈሯን ሳታላውስ ጸለየች። «ጌታዬ፣ እኔንም መለወጥህ አይቀርም፤ አውቅሃለሁ። ግን አደራህን፣ ቶሎ አይሁን። እሱም እንደኔ ይንበርከክ፤ ጉልበቱ ይጥቆር።»