የወተት ካርቶን አጣቢዋ

ልጄ ዐቢይ ጾምን ለመጀመሪያ ጊዜ የጾመችው በስምንት ዓመቷ ነው። ማንም አላስገደዳትም፤ እኔማ «ቆይ፣ ትንሽ ጠንክሪ» ብያት ነበር።

«ማሚ፣ ሰባት ዓመት ካለፈ ይጾማል ብለሽ የለ?» አለችኝና በገዛ ቃሌ ያዘችኝ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ማርማላታ የተቀባ ዳቦና ፖም በምሳ ዕቃዋ አድርጌላት፣ በምንኖርበት በውጭ አገር ፓይን ሌክ ከሚባል ቦታ አጠገብ ካለው አፓርታማችን ትምህርት ቤት አደርሳታለሁ። ከዚያ ዲኬተር ከተማ፣ ወደምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ እነዳለሁ። ያችን የመኪና ውስጥ ሩብ ሰዓት ዛሬም እናፍቃታለሁ። ከኋላ ወንበር ሆና ውዳሴ ማርያም በቃሏ ትወጣልኛለች። አንድ መስመር ዘላ ስታልፍ በመስታወቱ አያታለሁ፤ እንደነቃሁባት ስታውቅ ትስቃለች። አሁን ራሷ መኪና ነጂ ሆናለች፤ የኋላው ወንበር ባዶ ነው።

በዚያ ሰሞን በትምህርት ቤቷ በክፍሎች መካከል ውድድር ተጀምሮ ነበር። ምሳ ላይ ወተት የተጠጣበትን ካርቶን ከመጣል ይልቅ ለሪሳይክሊንግ፣ ዳግም ለጥቅም እንዲውል፣ መሰብሰብ ነው። ብዙ የሰበሰበ ክፍል ዓርብ ዓርብ በሩ ላይ አረንጓዴ ባንዲራ ይሰቀልለታል። ማስታወቂያው በቦርሳዋ መጥቶልኝ ነበር። ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ፣ የሚፈረምበትን ቦታ ብቻ ፈልጌ ፈረምኩበት።

አንድ ዓርብ ቤት ገብተን ሹራቧን ሳወልቅላት እጅጌው ወተት ወተት ሸተተኝ።

«ወተት ጠጥተሻል?»

«አልጠጣሁም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«ለሪሳይክሊንግ ነው ማሚ፣ ለክላሳችን እኮ...»

«ወተትና ቆሻሻ ምን አገናኘው? ጾም መፍታትሽ ሳያንስ ትዋሺኛለሽ?»

ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠርኩት።

እሑድ ልጆቹ ለቁርባን ሲሰለፉ እጇን ይዤ አስቀረኋት። ከጎናችን የቆመች አንዲት እናት ጎንበስ ብላ «ምነው፣ አመማት እንዴ?» ስትለኝ «ጾሟን ፈትታ ነው» አልኳት፤ ልጄ እየሰማች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው።

ሰኞ ተራዬ የከሰዓት ስለነበር፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ መምህርቷን «እባካችሁ ለልጄ ወተት አትስጡብኝ» ልላት በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ካፍቴሪያው በር ላይ እንደደረስኩ እግሬ ቆመ። ልጄ እጅጌዋን ሰብስባ አንድ ባልዲ ፊት ቆማለች። የክፍሏ ልጆች ጠጥተው የጨረሱትን ካርቶን ያቀብሏታል፤ እሷ ጠብታውን ታራግፋለች፣ ታለቀልቃለች፣ ጨፍልቃ ትደረድራለች።

«የእናንተ አንዷ ወተት አትጠጣም፤ በአንድ ካርቶን እንበልጣችኋለን!» ብሎ ከጎረቤት ጠረጴዛ አንድ ልጅ ጮኸ።

ጸጉሯን በዶቃ የተሠራች የክፍሏ ልጅ ተነሥታ «የእናንተ ይገማል! የሚገማ አይቆጠርም!» አለችው። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ፤ ልጄም እጇ ባልዲው ውስጥ እንዳለ ሳቀች።

መምህርቷ አይታኝ መጣች። «መጀመሪያ ሰሞን የምታመጣው ካርቶን ስለሌላት ከፍቷት ነበር» አለችኝ። «በኋላ ራሷ መጥታ ‹መጠጣት አልችልም፣ ማጠብ ግን እችላለሁ› አለችኝ። ወተት የተረፈበት ካርቶን አይቆጠርም፤ ባንዲራውን ያገኘነው በእሷ ነው።»

የመጣሁበትን ሳልናገር አመስግኜ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ የንስሐ አባቴ ዘንድ ደወልኩ።

«አባቴ፣ በድያለሁ።»

የሆነውን ሁሉ ሳላስቀር ነገርኳቸው። «ልጅቱን ይቅርታ ጠየቅሻት?» አሉኝ።

«ገና ነኝ፤ ትምህርት ላይ ናት።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አሮጠሽ? ስልኩን ዝጊና ጠብቂያት።»

ሺፍቴን ለባልደረባዬ ለቅቄ እዚያው ጠበቅኋት። ገብታ ቀበቶዋን ስታስር ዞሬ «ዛሬ ባልዲው ጋ አየሁሽ» አልኳት። «አልዋሸሽኝም። ይቅር በይኝ።»

ልጅ ለመውሰድ ከኋላችን የተሰለፉት መኪኖች ጡሩምባ መንፋት ጀመሩ።

«ሰንደይ ሁሉም ልጆች አዩኝ» አለች።

«አውቃለሁ፣ የኔ እናት።»

«ለዚያች ሴትዮ ትነግሪያታለሽ?»

«እነግራታለሁ።»

«ጮክ ብለሽ?»

እኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳል ሲመጣብኝ እንኳ የምሳቀቅ ሰው ነኝ። እሺ አልኳት።

በሚቀጥለው እሑድ ልጆቹ ለቁርባን ለመሰለፍ ሲነሡ ረድፍ አቋርጬ ሴትዮዋ ጋ ሄድኩ። «ባለፈው ልጄ ጾሟን ፈታች ያልኩሽ ሐሰት ነው። አልፈታችም። ሳልሰማት የፈረድኩባት እኔ ነኝ።» ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ፤ ሁለት ሦስት ሰው ዞሮ አየኝ።

«እሺ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ቀስ በይ፣ ቅዳሴ ነው» አለችኝ ሴትዮዋ ግራ ገብቷት።

ልጄ ነጠላዬን ከኋላ ጎተት አደረገችው። «ማሚ፣ በቃ፣ ሰምታለች» ብላ አንሾካሾከችልኝና ሄዳ ከልጆቹ ሰልፍ መጨረሻ ቆመች።